በዳቦው ላይ የፈሰሰው የጀምበሬ ታዬ ደም

የተከበራችሁ ቄሶችና ሽማግሌዎች፣ ከገዴራና ከያቭኔ ለቀብር የመጣችሁ ወገኖቻችን ሆይ፤ እኔ ዘበነ የሟቹ የጀምበሬ የእናታቸው ወንድም ነኝ። ጀምበሬ በዕድሜያቸው ገና አንተ የሚባሉ ነበሩ፤ ሞት ግን ቀድሞ አንቱ አሰኝቷቸዋልና በአንቱታ አነባለሁ።

ጀምበሬ ታዬ ከአባታቸው ከብረት ቀጥቃጩ ከአቶ ታዬ ወርቅአፈራሁና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለላ በ1957 ዓ.ም. በጎንደር ክፍለ ሀገር በወገራ ተወለዱ። በሱዳን መንገድ ሽፍቶች አባታቸውን በዱላ ደብድበው ሲገድሉ ዐይተው፣ እናታቸውን እዚያው ሱዳን በስደተኞች መጠለያ ሰፈር በገዛ እጃቸው ቀብረው፣ ታናሽ እኅታቸውን ማሪቱን አዝለው በ1977 ዓ.ም. ከዚህ አገር፣ ከእስራኤል ደረሱ።

አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ዕብራይስጥ ሲማሩ፣ አንድ ተማሪ ምግባቸው ላይ ቢተፋ ሳህኑን ፊቱ ላይ ሰበሩበትና ተባረሩ። ማሪቱ ቂርያት ማላኪ ከተማ እኔ ዘንድ ስለ ነበረች መምጣት ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ተባርሬ በእኅቴ ፊት አልቆምም ብለው፣ ለእኛ ያው ትምህርት ላይ ያሉ አስመስለው፣ በያቭኔ ተሠርቶ ባላለቀ ሕንፃ ውስጥ እንደ እሳቸው መጠጊያ ካጡት ከታናናሾቻቸው ከተፈራና ከመንገሻ ጋር ሲሚንቶ ላይ ይተኙ ጀመር። እኛ ይማራሉ ስንል እሳቸው ከገበያ የተጣለ ቲማቲም ከውሻ ጋር ይሻሙ ነበር። አንድ ዘበኛ በቆመጥ ጣቶቻቸውን ቢሰብራቸውም በማግሥቱ እዚያው ተመለሱ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ሁለቱ ጓደኞቻቸው ናቸው።

ረኀብ ይሉኝታ የለውም ይባላል፤ የእኛን ልጅ ይሉኝታ ግን አላሸነፈም። ገዴራ ላይ አንዲት ደግ ሴት ሾርባና ዳቦ አቅርባ ብሉ ስትላቸው፣ ጀምበሬ እንደ ታላቅነታቸው ስለ ሦስቱም ሆነው «ጠግበናል» አሉ። በእኛ ደንብ እንግዳ በመጀመሪያው ግብዣ አይበላም፤ በሞቴ እስኪባል ይጠብቃል። የዚህ አገር ሰው ግን እምቢ ሲሉት ያምናል፤ ሴትዮዋ «ቤሰደር»፣ እሺ እንግዲህ ብላ ድስቷን ይዛ ገባች። መንገሻ ረኀብ አሳብዶት የጀምበሬን አፍ በቡጢ ብሎ ጥርሳቸውን አወለቀ፤ ይህንንም ራሱ እያለቀሰ ነገረኝ። ጀምበሬ ደማቸውን ተፍተው፣ ሳላበላችሁ አልተኛም ብለው ሄዱ።

ቤኤር ቱቪያ በሚገኝ መጋዘን ባልዳነ እጃቸው ጆንያ ተሸክመው ውለው፣ ለድካማቸው ዳቦ ተቀብለው ያቭኔ ሲደርሱ፣ በሕንፃው የሚያድሩ ሌሎች ጎረምሶች ደጁ ላይ ጠብቀው ዳቦውን አምጣ አሏቸው። አልሰጡም። በፌሮ ብረት ጉልበታቸውን ሰበሩት፤ ጀምበሬም ዳቦው ላይ ወድቀው አልለቅ ቢሉ ጭንቅላታቸው እስኪፈረከስ ቀጠቀጧቸው። ተፈራና መንገሻ ድንጋይ ይዘው ሲደርሱ ነፍሳቸው ወጥታ ነበር። ዕድሜያቸው ሃያ ሁለት ነበር። ሐኪሙ ሆዳቸው ባዶ እንደ ነበር ነገረኝ፤ ከዚያ ዳቦ አንድ ጉርሻ እንኳ አልቀመሱም። ወገኖቼ፣ አንጀቴ ነው የተቃጠለው።

ጀምበሬ እኅታቸውን ማሪቱን፣ እኔን አጎታቸውን፣ እንዲሁም በሥጋ ባይዛመዷቸውም የሞቱላቸውን ተፈራንና መንገሻን ትተው አልፈዋል። ሁለቱ እዚያ መቃብሩ ጠርዝ ላይ ቆመዋል፤ ዛሬም የሚመለሱት ወደዚያው ሕንፃ ነው። የእስራኤል አምላክ የጀምበሬን ነፍስ በአብርሃም ዕቅፍ ያሳርፍ፤ እኛን ግን እነዚህ ልጆች ጦማቸውን ደጅ እያደሩ አያሳርፈን። አሜን በሉ።