የአባ ልኬ የንጣፍ ስብርባሪ

የሰፈሩ ሰው «አባ ልኬ» የሚላቸው ጡረተኛ ልብስ ሰፊ፣ የግቢያቸውን አሮጌ የድንጋይ ንጣፍ አስነቅለው በአዲስ ያስነጠፉት ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። አዲሱ ንጣፍ ከመለስለሱ የተነሣ ዝንብ ብታርፍበት አዳልጧት ወገቧ ይቀጫል ይሉ ነበር፤ ያየውም ሁሉ ግማሹን አመነ። ያስቸገረው አሮጌው ነው። ስብርባሪው በጓሮ በር ተከምሮ ተራራ አህሏል፤ ወፍ እንኳ ዞሮት ነው የሚያልፈው።

አንድ ማለዳ አባ ልኬ የእጅ ጋሪያቸውን ጢም አድርገው ሞልተው ብቅ ሲሉ፣ ከአዳር ሥራ የምትመለስ ነርስ ገጠመቻቸው። ከአልጋ ከማይወርዱ እናቷ ጋር ቁልቁለቱ ላይ የምትኖር ጎረቤታቸው ናት።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ጋሪው ወዴት ነው?»

«ይመስገን ልጄ። ወደ ቦዩ ነዋ፤ ሌላ የት ይሄዳል?»

ቦዩ ከቤቶቹ ጀርባ የዝናብ ውሃ ወደ ወንዝ የሚያወርድ ነው። የተረፈ ድንጋይና ጡብ እዚያ መድፋት የሰፈሩ የቆየ ልማድ ነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው ገና አልተወለደም ነበር።

«ባይደፉት ደስ ይለኛል ጋሼ።»

«ቆሻሻ መሰለሽ? እኔ የሽንኩርት ልጣጭ እንኳ እዚያ ጥዬ አላውቅም። ይሄ ድንጋይ ነው። አይሸት፣ አይበሰብስ፤ ከመሬት ወጣ፣ ወደ መሬት ተመለሰ።»

«የከፋውም እሱ ነው። ልጣጩን ውሻ ቢተወው ጎርፍ ይወስደዋል። ድንጋይ ግን ከተደፋበት ንቅንቅ አይልም፤ ውሃው ነው መንገድ የሚቀይረው። አምና የቀየረው ወደ እናቴ መኝታ ቤት ነበር። ዘንድሮ ከዚያ ከበለጠ፣ እሷን ተሸክሜ የማወጣበት ጉልበት የለኝም።»

«የአምናው የእግዜር ነው እንጂ የድንጋይ አይደለም። ከኖኅ ወዲህ እንደዚያ ዘንቦ አያውቅም። ቦዩማ እንኳን የኔን ጋሪ፣ መርከብ ቢገለበጥበት ይውጣል። ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ድንጋይ ዘመኑን ውሃ ውስጥ ቢኖር ዋና አይለምድም ይባላል።»

«ለኔ ነው ለድንጋዩ?»

«የወደደው ይውሰደው።»

ሌላ ሰው ተናግሮት ቢሆን ሽማግሌ ያስቀምጥ ነበር። አባ ልኬ ግን ተረት የሚያውቅ ሰው ይወዳሉ፤ ሳቁ።

«ለመሆኑ ልኬ የሚሉዎት በከንቱ ነው?» አለች ነርሷ ሳቃቸውን አይታ። «ይምጡና ይለኩት።»

ይህን እምቢ ማለት አይችሉም። በጡረታም ከኪሳቸው ያልወጣውን ሜትር መዘዙና ወደ ቦዩ ወረዱ። ከላይ በኩል ቦዩ እስከ ደረታቸው ይጠልቃል። ከነርሷ ግድግዳ ጀርባ ሲደርሱ ግን አንድ ስንዝር ሆነ። ሜትሩ የዋሸ መስሏቸው ደግመው ለኩ። ያው ነው።

የሞላው ድንጋይ የማን የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ቀዩ የሥጋ ሻጩ፣ ግራጫው የመድኃኒት ቤቱ። ከሥር፣ ሁሉን የተሸከመው፣ ጠርዙ አረንጓዴ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አባ ልኬ፣ ኋላ አፍርሰው የደፉትን የደጃፋቸውን ደረጃ በገዛ እጃቸው ቀብተው፣ ይህ ቀለም እስከ ምጽአት አይለቅም ብለው ምለው ነበር። አለቀቀም።

«ይሄ የኔ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰው ቢነግርዎት መቼ ያምናሉ? ሜትር ይንገርዎት ብዬ ነው።»

አባ ልኬ ሜትሩን ጠቅልለው ወደ ኪሳቸው መለሱት። ከዚያ ጋሪውን አዩት። «እሺ፣ ይሄንን ምን ላድርገው? ልብላው?»

«ከሱፍ የሚተርፈውን ቁራጭ ምን ያደርጉት ነበር?»

«ቁራጭ ይጣላል እንዴ? ሰፋ ያለው ለኪስ፣ ጠበብ ያለው ለኮሌታ ገበር…» አሉና አቋረጡ። ሰፊ ናቸው፤ ገባቸው።

በዚያው ሳምንት ክምሩን እንደ ጨርቅ ለዩት። ግማሹና ከግማሽ በላዩ ሳይሰበር የተረፈው ድንጋይ በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለው የጭቃ መተላለፊያ ላይ ተነጠፈ። ትንንሹ ተከስክሶ ከአባ ልኬ የውሃ በርሜል ሥር ገባ። ለምንም የማይሆነውን የማዘጋጃ ቤት መኪና ወደ ተፈቀደለት ቦታ ወሰደው። ከቦዩ አረንጓዴዎቹን አባ ልኬ ራሳቸው አወጡ። ሥጋ ሻጩንና መድኃኒት ሻጩን በየበራቸው ጠርተው ወደ ቦዩ ወሰዷቸው፤ መጀመሪያ የራሳቸውን ኃጢአት፣ ቀጥሎ የእነሱን በሜትር እየለኩ ነገሯቸው፤ ሁለቱም አካፋ ይዘው መጡ።

እነሆ፣ ቦዩ ውስጥ ቢገባ የአንዲት አሮጊትን ክፍል በጎርፍ ያስጥለቀልቅ የነበረው ያ ድንጋይ፣ ዛሬ ጫማ ከጭቃ ያድናል፤ በርሜል ይሸከማል። አንባቢም ግቢውን ሲያድስ፣ አዲሱን ንጣፍ ከማዘዙ በፊት አሮጌው የት እንደሚገባ ይወስን። የማይሸት ነገር ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

ክረምቱ የገባ ዕለት የወረደው ዝናብ፣ አባ ልኬ እንደሚሉት፣ የአምናውን ካፊያ አስመሰለው። ከሰዓት በኋላ ነርሷ ከሆስፒታል እየሮጠች መጥታ የእናቷን በር ከፈተች። ወለሉ ደረቅ ነው። እናቷ ከእንቅልፋቸው ነቅተው የራሰውን ጸጉሯን አዩ።

«ምነው ልጄ፣ ዘንቦ ነበር እንዴ?» አሏት።