ሙሴ በርናር የሞቱ ዕለት

ጠጋ በይ ዘነበችዬ፣ እዚህ ጥግ ነፋሱ አያገኘንም። የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮ ብሶበታል... ወይስ እኛ ነን ያረጀነው? ጠላውስ እንዴት ነው? ለእንግዳ ተብሎ ጌሾው የተቀነሰ መሰለኝ። ይሁን፣ ክርስትና አይደል፣ ማን ሊሰክር መጣ።

ሕፃኑን አየሽው? ሲያጠምቁት ትንፍሽ አላለም። ስሙም ያምራል፤ ሎራን በርናር። ቄሱ ገብረ ጊዮርጊስ ብለውታል፤ ያ ስም ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚወጣ አይመስለኝም።

እናቱስ ብትሆን ምን ይወጣላታል... ድሮም ለሰው አሳቢ ናት። ፈረንሳዊ ባሏ ቅር እንዳይለው ብላ ስሙን ከነአባቱ ጠቅልላ ወሰደች። እኔና አንቺ ይህን ሁሉ ዘመን ከባል ጋር ስንኖር የአባታችንን ስም ሙጥኝ እንዳልን ቀረን። መቼ ሰለጠንን?

ትሰማለች ነው የምትይኝ? ትስማ እንጂ፤ እያመሰገንኳት አይደል?

ፈረንሳዮቹ እኮ ደጎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው የሠረቀብርሃን ልጅ ነው ያስረዳኝ። የቤተሰብ ስም ከሚሉት ብዙው እንደኛው የሰው ስም ነው አለኝ፤ በርናር፣ ሲሞን፣ ቶማ። ድሮ አንድ በርናር የሚባል አባወራ ነበረ፤ ሞተ፤ ስንት መቶ ዓመቱ። የልጅ ልጆቹ እስከ ዛሬ ስሙን አልጣሉትም። የሞተ ሰው እንዲህ ይከበራል... አንዳንዱ ደግሞ በሕይወት ቁጭ ብሎ የሚያየውን ይጥላል። ኧረ እሷን አላልኩም፣ ስለ አገር ነው የማወራው።

የአምናውን መቼም አትረሺውም። ፌስቡክ ላይ «አባታችን በርናር ዐረፉ» ብላ ጻፈች። ከራሷ ስም ቀጥሎ ያለውም በርናር። ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? በኛ አገር ከሰው ስም ቀጥሎ የሚመጣው አባቱ አይደለም? ሰፈሩ ሁሉ «ውይ፣ ለካ የአባቷ የጋሽ ሰይፈሥላሴ የክርስትና ስም በርናር ኖሯል» አለ። የክርስትና ስም እንደሆነ የሚሰማው ሰው ሲሞት ነው። ቤታቸው ዝግ ሆኖ ስናገኘው ሬሳው አዲስ አበባ ነው ተባባልን። ኃይለኢየሱስ የእድሩን ጥሩምባ ነፋ፤ ይቺው አሁን የተቀመጥንባት ድንኳን ተተከለች። እኔ ነጠላዬን ዘቅዝቄ «ወይኔ በርናርዬ» እያልኩ ደረቴን ስመታ... ጋሽ ሰይፈሥላሴ በርኖሳቸውን እንደደረቡ፣ መቋሚያቸውን ይዘው ከቅዳሴ መጡ። «ማን ሞተብኝ?» አሉ።

ነገሩ ሲገለጥላቸው አልተቆጡም። «የተተከለ ድንኳን አይነቀልም። ሙሴ በርናር የልጄ አማት ናቸው፣ ሐዘናቸውን እኔ እቀመጥላቸዋለሁ» ብለው ገቡ። ሦስት ቀን ተቀመጡ። እግዜር ያጥናዎ ስንላቸው ዕንባቸው መጣ። ለማን እንደሚያለቅሱ አልጠየቅኋቸውም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሳቸው ግን ቀድሟቸው ገባ።

ዛሬ ደግሞ ጠዋት ጢማቸውን ተላጭተው አገኘኋቸው። «በነሱ አገር መሃል የሚገባ ስም አለ አሉ፤ ለልጁ ምናልባት የኔን አስባ ይሆናል» አሉኝ በለሆሳስ። አሰበች እንጂ፣ ለምን አታስብም... ፊሊፕ። የባልየው አጎት ነው። ጥሩ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ በርኖሱ ውስጥ ሸፍኖ በውርጭ ትምህርት ቤት ባያደርሳትም። ሽማግሌው ፊሊፕ ሲባል ሰምተው፣ ጨበጨቡ። አየሻቸው? ከሁላችንም በኋላ ነው ያቆሙት።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይላሉ ክፉ ሰዎች። እሷ ጠጠር እንኳን አልወረወረችባቸውም፤ ለምን ይዋሻል።

ይኸው መጣች፣ ፈገግ በይ... ነይ የኔ እመቤት፣ እስቲ ልጁን አቅፌ ልመርቀው። እሰይ፣ ሲያምር። እደግ፣ ተመንደግ። እግዜር አሳድጎ ለቁም ነገር ያብቃልሽ። ጧሪ ቀባሪ ያድርግልሽ። ስም አስጠሪ ያድርግልሽ፤ አንቺ የአባትሽን ስም እንዳስጠራሽ እሱም ያንቺን እንዲሁ ያስጠራልሽ...

አሜን በይ እንጂ፣ የኔ ቆንጆ።