ጥላው ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ቀን

በ1995 ዓ.ም. መጋቢት ወር መጀመሪያ ላይ፣ ከሳሪስ የተሳፈርኩበት ታክሲ አቃቂ ሐዲዱ ጋ አውርዶኝ ወደ ቤቴ ሳዘግም፣ ሁለት ጎረቤቶቼ ሲከራከሩ ደረስኩ። አንደኛው ሠላሳ ዓመት ሐዲድ ሲያቀኑ ኖረው ጡረታ የወጡት ጋሽ ሀብተሚካኤል ናቸው። ሌላዋ ቆሎ ቆልታ ፋብሪካ በር ላይ የምትሸጠው ዲንቄ ነች። በሁለቱ ግቢ መካከል ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ የሐዲድ ብረት ቆሟል።

«እንኳን መጣህ፣ የሺዋስ» አለችኝ ዲንቄ። «ጋሼ ማድቤቴን ሊያስፈርሱ ነው። ያውም በጥላ!»

«ማድቤቷን አላልኩም። ግድግዳውን ነው ያልኩት።»

«ግድግዳ የሌለው ማድቤት ምን ሊባል ነው፣ ጋሼ? ሜዳ?»

ነገሩ የቆየ ነው። የሁለቱ አባቶች፣ ወልደሚካኤልና ዱጉማ፣ የተፈራረሙት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት የመጋቢት ዕለት፣ የዚህ ብረት ጥላ ጫፍ ከጧት እስከ ማታ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት መስመር ወሰናችን ይሁን።» የወሰን ድንጋዮቹ ከጠፉ ቆይተዋል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ቀያሾች መጥተው ወሰኑን በካርታ ላይ ሊያሰፍሩ ነው። ጋሽ ሀብተሚካኤል አምና መጋቢት 25 ጧት ጥላው ጫፍ ላይ ችካል ተክለው፣ ከብረቱ እስከ ችካሉ ሲባጎ ወጥረው ነበር። የሲባጎው መስመር ሲቀጥል በዲንቄ ማድቤት ውስጥ ያልፋል። ማድቤቱ ከፈረሰ ቆሎ የለም፤ ቆሎ ከሌለ የልጆቿ ጉሮሮ ተዘጋ ማለት ነው።

«መጋቢት 25ን ለምን መረጡ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«እኔ መረጥኩት? በባሕረ ሐሳብ የተጻፈ ነው! ልጅ ሆኜ የኔታ ፊት ተቀምጬ የተማርኩት ነው። ፋሲካ ከ26 በታች የማይውለው ለምን ይመስልሃል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በአሁኑ ዘመን ዕለቱ መጋቢት 12 ግድም ነው።»

«ማን ቆረጠው? ታሽከንት?»

ዲንቄ አፏን ይዛ ሳቀች። እውነትም በሶቪየት ኅብረቷ ታሽከንት ስምንት ዓመት ተምሬ የተመለስኩት ከዲፕሎማዬ ይልቅ የመጠራጠር አመል ይዤ ነበር።

«ፀሐይ ዓመቷን የምትጨርሰው በ365 ቀን ከስድስት ሰዓት ነው እንላለን» አልኩ። «በእርግጥ ግን አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ይጎድላል። እኛ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ስናደርግ ሙሉውን እንቆጥርላታለን።»

«ለአሥራ አንድ ደቂቃ ነው እንዲህ የምትደክመው? ባቡራችን ከዚያ በላይ ይዘገይ ነበር።»

«እያንዳንዱ ሐዲድ የፀጉር ያህል አጋድሎ ቢቀጠልስ፣ ጋሼ? ሺህኛው ላይ የት ይደረሳል?»

ትንሽ አሰቡና «ወንዝ ውስጥ» አሉ።

«እንደዚያ ነው። ትርፉ በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሞላል። ሊቃውንቱ አልተሳሳቱም፤ ሕጉ ሲሠራ ዕለቱ መጋቢት 25 ግድም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አሥራ ሦስት ቀን ሸሽቷል። ፀሐይ ሰኔ 14 ግድም ሰሜን ጫፍ ደርሳ ትመለሳለች፤ ታኅሣሥ 13 ግድም ደግሞ ከደቡብ። መካከሉን የምታቋርጠው በመጋቢትና በመስከረም ነው። ሚያዝያ 5 እኩለ ቀን ላይማ በእኛ አናት ስለምትቆም፣ ይህ ብረት ጥላ አይኖረውም።»

«ጥላ የሌለው ብረት! እሱን እንኳ ተወኝ» አሉ። ወዲያው ግን ጠጋ ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ለመሆኑ መጋቢት 12ን በዓይንህ አይተኸዋል?»

አፈርኩ። ያወቅሁት ከመጽሐፍ ነበር።

«እንግዲያው አንተም ከመጽሐፍ፣ እኔም ከመጽሐፍ። የኔው ደግሞ ታላቁ ነው።»

«ታዲያ ብረቱን እንጠይቀው» አልኩ። «በሁለቱም ቀን፣ ከጧት እስከ ማታ፣ በየሰዓቱ የጥላው ጫፍ ላይ ችካል እንትከል። ሲባጎውን አንቱ ይወጥሩታል።»

«በራሴ ጉዳይ?»

«ሐዲድ ሲያቀኑ ሲባጎ አጣመው ያውቃሉ?»

«ባቡሩ ወድቆ ሰው ያልቃላ!» አሉ ተቆጥተው። ዲንቄም በዚህ ተስማማች።

መጋቢት 12 ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ዲንቄ በየሰዓቱ ብረት ምጣዷን ከእሳት እያወረደች መዶሻ ይዛ ትሮጣለች። «ዛሬ ቆሎዬ ግማሹ ጥሬ፣ ግማሹ ከሰል ነው» ትላለች። ማታ ጋሽ ሀብተሚካኤል ሲባጎውን ከመጀመሪያው ችካል እስከ መጨረሻው ወጠሩ። ቁጢጥ ብለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። ሲባጎው ችካሎቹን ሁሉ ነክቶ አለፈ፤ ማድቤቱንም አልነካም።

«ቀጥ ብሏል» አሉ። «25ን ሳላይ ግን አልፈርምም።»

መጋቢት 25 ጧት ጥላው የአምናው ችካላቸው ላይ ወደቀ። «አላልኩህም?» አሉ ደስ ብሏቸው። ዲንቄ ወደ ማድቤቷ ገባች። ነገር ግን ቀኑ በገፋ ቁጥር የጥላው ጫፍ ወደ ሰሜን ሸሸ፤ ከቀትር በኋላ ተመልሶ ወደ ደቡብ ወረደ። ማታ ሲባጎው ሲወጠር፣ ችካሎቹ እንደ ደጋን ጎብጠው መካከለኛው አንድ ክንድ ተኩል ያህል ርቆ ቀረ።

ጋሽ ሀብተሚካኤል ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው «ቀጥ ብሎ» የሚለውን በጣታቸው ፈለጉ። «አምና ጧት ብቻ አይቼ ወደ ቤቴ ገባሁ» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲህ አድርጎ ሐዲድ የዘረጋ ሠራተኛ ቢኖር አባርረው ነበር።» የአምናውን ችካል ነቅለው ለዲንቄ ሰጧት። «እንኪ፣ ምድጃሽ ውስጥ ጨምሪው።» ወደ እኔም ዞረው «ፋሲካስ?» አሉ፣ በሥጋት።

«እሱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፣ ጋሼ፤ በሥርዓቱ ይኖራል። የግድግዳ ነገር ግን ፀሐይዋን ራሷን አይቶ ነው።»

በማግሥቱ የመጋቢት 12ቱን መስመር ወሰን ያደረገ አዲስ ውል ተጻፈ። ወረቀቱ የቀን ቁጥር ብቻ ሳይሆን አፈታተኑንም ይናገራል፤ የልጅ ልጆቻቸው ዕለቱ ቢሸሽባቸው ብረቱን፣ ችካሉንና ሲባጎውን ይዘው ራሳቸው ያገኙታል። ሁለት ጎረቤት ለፍርድ ቤት ደጅ ጥናት ሊያጠፋ የነበረው ዓመት ዳነ፤ ዲንቄም ሳትሸማቀቅ ቆሎዋን ትቆላለች። እኔም በበኩሌ ያላየሁትን ነገር እንዳየሁ አድርጌ መናገር ትቻለሁ።

ሚያዝያ 5 እሑድ ነበር። ጋሽ ሀብተሚካኤል ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ብረቱ ሥር ቆሙ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ጎንበስ ብለው ብረቱን ዞሩት፤ ደግመው ዞሩት።

«ዲንቄ! ነይማ!»

«ምን ሆኑ፣ ጋሼ?»

«ጥላው ያንቺ ግቢ ውስጥ ወድቆ እንደሆነ እዪልኝ።»

ዲንቄ በእሷ ግቢ በኩል፣ በስተደቡብ ፈለገች። «እኔ ጋ የለም። እርስዎ ጋስ?»

«እኔም ጋ የለም» አሉ፣ እንደ ልጅ እየሳቁ።