የሾፌሩ ልጅ የተሳፈረች ዕለት

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሕፃናትን «ያያችሁትን ጥፋት ተናገሩ» እያልሁ ኖሬ፣ በዚያ ጠዋት በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ጥፋት ሳልናገር ሦስት ቁልቁለት ወረድሁ። ይህን ታሪክ የምጽፈው በከፊል ለንስሐ ነው።

ከሾፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ከማላውቃት ወጣት ሴት ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠናል። አውቶቡሷ ሃያ አራት ሰው ይዛለች። ሾፌሩ ስድሳን የተሻገሩ፣ ሸሚዛቸው በደንብ የተተኮሰ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። ቁልቁለት ሲደርሱ ማርሹን ዜሮ ላይ ያደርጉና «ቁልቁለት እግዜር በነፃ የሰጠን ነዳጅ ነው!» ይላሉ። ተሳፋሪው ይስቃል፤ እኔም ስቄአለሁ። አውቶቡሷ የሞተር ልጓም ሳይኖርባት በራሷ ክብደት ትንደረደራለች፤ የሚይዛት ፍሬን ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ቁልቁለት ሥር ሕፃን የታቀፈች ሴት ተሳፍራ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች፤ ከሁለተኛው ሥር ወረደች።

ከሦስተኛው ቁልቁለት በኋላ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ሾፌሩ ትልቁ ቁልቁለት ከሚጀምርበት ሜዳ ላይ ዳር ይዘው አቆሙ። የፊቱ ጎማ ይጨሳል። ውሃ የሞላ ጀሪካን አንስተው ሊደፉበት ሲሉ፣ ያቺ ወጣት ሮጣ ደርሳ ጀሪካኑን ያዘች።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ውሃ አይድፉበት። የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ግማሽ ሰዓት ቆሞ በራሱ ይብረድ።»

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«የሾፌሮች ማሠልጠኛ አስተማሪ ነኝ።»

ሾፌሩ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከጥርሳቸው አላለፈም። «እኔ መሪ ስጨብጥ እናትሽ ገና አልተዳረችም። ሠላሳ አምስት ዓመት ስነዳ አንዲት ዶሮ አልገጨሁም። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኼ ነው!»

አንድ ጨርቅ ነጋዴ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «እንሂድ እንጂ! ገበያው ሊበተንብኝ ነው። ክርክራችሁን ስንደርስ ትጨርሱታላችሁ።»

«እንዲህ ከወረድን ላንደርስ እንችላለን» አለች ወጣቷ።



«ክፉ አታውሪብን!» አሉ ሾፌሩ ቆጣ ብለው። «ያለ ቀኑ የሚሞት የለም። ቀን ከጎደለ ቤቱ የተኛውም ይሞታል።»

«ቀኑን የሚቆርጠው እግዜር ነው፣ አባባ። ማርሹን ዜሮ የሚያደርገው ግን የእርስዎ እጅ ነው።»

ሾፌሩ ጀሪካኑን መሬት ላይ ጣል አድርገው ወደ በሩ ተራመዱ። ሊነሡ ነው። ወጣቷ ከበሩ ፊት ቆመች።

«ይቆጡኝ፣ ግድ የለም። ግን ይስሙኝ። ፍሬን ሲግል ኃይሉን ያጣል። ሲረግጡት እግርዎ ይሰምጣል እንጂ ጎማው አይያዝም። በከባድ ማርሽ ከወረዱ ግን ሞተሩ ራሱ ይይዝልዎታል፤ ፍሬኑ ለክፉ ቀን ይቀመጣል።»

«ነዳጁስ? የሚጮኸው ሞተር ውሃ አይደለም የሚጠጣው!»

«እንደዚህ ያለ መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርዎን ከነዳጁ ካነሡ ነዳጅ አይሄድለትም፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ዜሮ ላይ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ብሎ ይጠጣል። በነፃ ወረድሁ ያሉት ቁልቁለት ነዳጅም የፍሬን ሸራም በልቶብዎታል።»

ሾፌሩ እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። የሰው ልጅ በሙያው ሲነካ የሚመጣበትን እልህ አውቀዋለሁ፤ እኔም ተማሪ ሲያርመኝ ጆሮዬ ይቀላ ነበር። እልህ ደግሞ ማስረጃ አይሰማም። ወጣቷ ይህን ሳታውቅ አትቀርም፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር ጠየቀች።

«አባባ፣ ከመጀመሪያው ቁልቁለት ሥር የተሳፈረችው፣ ሕፃን የታቀፈችው ሴት ማን ናት?»

«ልጄ ናት። ምን አደረገች?»

«ምንም። ከጎንዎ ነበር የተቀመጠችው። ሁለተኛውን ቁልቁለት ስንወርድ ማርሹ ስንት ላይ ነበር?»

ሾፌሩ መሬት ላይ የጣሉትን ጀሪካን ለማንሣት ዞር አሉ። አሁን ዝም ብል የእድሜ ልኬ ትምህርት ከንቱ እንደሚሆን ተሰማኝ።

«ሁለተኛ ላይ ነበር» አልሁ። «ከላይ እስከ ታች ሁለተኛ ላይ። ልጅዎ ከወረደች በኋላ ሦስተኛውን በዜሮ ወረድን። እኔም አይቻለሁ፤ መምህር ሆኜ፣ አይቼ ዝም በማለቴ አፍራለሁ።»

«እንግዲያው እኔ የማስተምርዎ ነገር የለም፤ ያውቁታል» አለች ወጣቷ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ለልጅዎ የሚያውቁትን ለእኛ ለምን ነፈጉን? የእኔም እናት ከቁልቁለቱ ሥር ትጠብቀኛለች።»

ሾፌሩ የአውቶቡሷ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት።

«ሥራውን ያስለመደኝ ሰው በዜሮ የማይወርድ ፈሪ ነው ይለን ነበር» አሉ። «ልጄ ከጎኔ ስትሆን ግን እጄ እምቢ ይለኛል። ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም።»

ከመስኮቱ የነጋዴው ድምፅ መጣ፤ «ግማሽ ሰዓቱ ይሙላ፣ ጋሼ። ገበያው ቢበተን ነገም ገበያ ነው።»

ጎማው በርዶ፣ ሾፌሩ ፍሬኑን ሜዳው ላይ ደጋግመው ሞክረው ተነሣን። በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። ሞተሩ ያጉረመርማል፤ በግራችን ገደሉ ይታያል። ሦስተኛው መታጠፊያ ጋ ስንደርስ የተበላሸ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ፣ አምስት ስድስት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተውን ይገፉታል። ሾፌሩ ፍሬን ረገጡ። የነጋዴው ጥቅል ጨርቅ ከመደርደሪያው ወርዶ ተዘረገፈ። አውቶቡሷ ከሚገፉት ሰዎች ሁለት ክንድ ሲቀራት ቆመች።

አንዱ ሰውዬ ዞር ብሎ አየንና በድንጋጤ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሾፌሩ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ።

«በዜሮ ቢሆን ኖሮ...» ብለው አልጨረሱትም። ፊታቸውን ሳያዞሩ ወጣቷን ጠየቋት። «ማሠልጠኛችሁ ሽማግሌ ይቀበላል?»

«ወንበሩን እኛ እናቀርባለን፤ ልምዱን እርስዎ ያምጡልን፣ አባባ።»

እንዳሉትም አደረጉ። በእረፍት ቀናቸው ልጆቻቸው ከሚሆኑ ሰልጣኞች ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። በየወሩ ይቀይሩት የነበረው የፍሬን ሸራ አሁን ወራት ይቆይላቸዋል፤ ማታ ቤት ሲገቡ ትከሻቸውን አያማቸውም፤ በዜሮ መውረድን ጀግንነት ያሉ ጓደኞቻቸውም አንድ በአንድ እየተከተሏቸው ነው። አንባቢ ሆይ፣ መሪ ባትጨብጥም አፍ አለህ፤ ተሳፋሪ ሆነህ ጥፋት ስታይ እንደ እኔ ሦስት ቁልቁለት አትጠብቅ።

ከዓመት በኋላ በዚያችው አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ትልቁን ቁልቁለት ስንጀምር አንድ የቸኮለ ጎረምሳ ከኋላ ጮኸ። «ምነው ጋሼ፣ ኤሊ ሆንን እኮ!»

«ልጄ ተሳፍራለች» አሉ ሾፌሩ።

ከጎናቸው ያለውን ወንበር አየሁ፤ አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት ያንቀላፋሉ። ወደ ኋላ ዞሬም ፈለግሁ፤ ያቺ ሕፃን የታቀፈችው ሴት የለችም።

«የታለች?» አልኋቸው።

በመስተዋቱ ሁላችንንም አዩንና ማርሹን ሁለተኛ አስገቡ።

«ይቁጠሯቸው፣ መምህር። ዛሬ እርስዎን ጨምሮ ሃያ ሦስት ናቸው።»