እትዬ ቀበቶዋን ያወለቀች ዕለት

ክቡር ዳይሬክተር፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም እዚያ በሩ አጠገብ እንደ እንግዳ ተሸማቀህ የተቀመጥከው ባለቤቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ዝግጅት ያሰናዳችሁልኝን ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። አዳራሹ አምሯል። ጠዋት ወንበር ስትደረድሩ በመስኮት አይቻችኋለሁ፤ ነገሩ ምስጢር ነው ተብሎ ስለነበር ያላየሁ መስዬ አለፍኩ። ጠረጴዛ አንስታችሁ ወገባችሁን ይዛችሁ የቆማችሁትንም አይቻለሁ። እንደ እንስሳት ሐኪም ከተጠየቅኩ ጡረታ የሚያስፈልገው ለእኔ ብቻ አይደለም።

የንግግር ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃላችሁ። ሰው ሲያናግረኝ እንኳ የማየው እግሩን ነው። ባለቤቴ ምስክሬ ነው። መጀመሪያ የተቀጣጠርን ቀን አበባ ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ ሰላምታም ሳልሰጠው "በግራ በኩል ታነክሳለህ፣ ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

"ጫማው አዲስ ሆኖ ነው" አለ አፍሮ።

"አውልቀውና ልየው" አልኩት። መንገድ ዳር ቆመን! እንግዲህ ይህችን ሴት ነው ዓይኑ እያየ ያገባው። ይኸው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ ጫማ ግን ሁልጊዜ ሰፋ አድርጎ ነው የሚገዛው።

ታላቅ እህቴ ደግሞ በተገናኘን ቁጥር አንድ ጥያቄ አላት። "የሰው ልጅ ስንት መከራ እያለበት አንቺ የዱር ፈረስ ኮቴ ስትከተዪ ዕድሜሽን ጨረሽው። ለማን ነው የሚጠቅመው?" ትለኛለች። ጥያቄዋ ያናድደኛል፤ ግን የሚገባ ጥያቄ ነው። እኛም ራሳችንን ልንጠይቀው ይገባል። ለማን ነው?

አንድ ጋሪ ነጂ ትዝ ይላችኋል? ቡላ ፈረሱን በልጓሙ እየጎተተ ግቢያችን የገባው? ፈረሱ እግሩን መሬት ባሳረፈ ቁጥር ያቃስት ነበር። ሰውየው ብዙ ቦታ ወስዶት ሰልችቶታል። "ዶክተር፣ የሚድን ከሆነ ንገሪኝ፤ የማይድን ከሆነም ንገሪኝ። ብቻ ተስፋ አትስጪኝ" አለኝ።

እስከዚያ ድረስ እኛም እንደ ሌላው ሁሉ የፈረስ ሰኮና ስናጸዳ መሃሉ ላይ ያለውን ለስላሳ ክፍል እየቀረፍን እናነሳ ነበር። ንጹሕ ይመስለን ነበር። የዱር ፈረሶቹን ስናይ ግን ያ ለስላሳ ክፍል ወፍሮና ጠንክሮ መሬት ይረግጣል፤ የሰኮናው ጠርዝ ደግሞ ድንጋይ ለድንጋይ ሲኬድ ተሞርዶ ክብ ብሏል። ለቡላውም እንደዚያው አደረግንለት። መቅረፉን ተውን፣ ጠርዙን ሞረድን፣ ጠጠር ላይ ቀስ እያለ እንዲራመድ አደረግን። ወራት ፈጅቷል። ከዚያ አንድ ቀን ሰውየው እያለከለከ በር ላይ ደረሰ። ደነገጥኩ። "ምን ሆነ?" ስለው "ምንም! አሁን እኮ እሱ ነው እኔን የሚጎትተኝ!" አለ። ለእህቴ የምመልስላት መልስ ይህ ነው። ያን ፈረስ የረዳው እኛ የማንደርስበት ገደል ላይ የሚሄድ ሌላ ፈረስ ነው።

ይህን ስል ግን "ዱር ያለ ሁሉ ጤነኛ ነው" እያላችሁ ለእንግዳ እንዳታወሩ አደራ። ለስላሳ መስክ ላይ የሚውሉት ሰኮናቸው ረዝሞ ሲሰነጠቅ አይተናል። ድንጋያማው ላይ ያሉት ደግሞ እስከ ሥጋው አልቆባቸው ሲያነክሱ አይተናል። ያየነውን እንጂ የተመኘነውን አንናገር።

እናንተ አዳዲሶቹ ያልሰማችሁት አንድ ታሪክ አለ። እኔና ሾፌራችን ሥራውን ስንጀምር ፈረሶቹን በመኪና ነበር የምንከተላቸው። ሾፌራችን ያኔ ቅጽል ስሙ "ነፋሱ" ነበር፤ ለምን እንደሆነ የተሳፈረ ያውቀዋል። አንገታቸው ላይ ካሰርነው መከታተያ የሚመጣውን ቁጥር ስንደምር ፈረሶቹ በቀን የሚሮጡት ርቀት ጉድ የሚያሰኝ ሆነ። ደስታችን ሌላ! ትልቅ ወረቀት ላይ አሳትመን መግቢያው ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እዚያ አቁመን እናስደንቀዋለን።

ከዚያ "ተመራቂዋ" መጣች። ለማታውቋት፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ፊቷን በእጇ የሸፈነችው እሷ ናት። የዶክትሬት ጥናቷን ልትጨርስ ነው፣ ልትጨርስ ነው እየተባለ ሁለት ልጆች ወልዳ አሳድጋለች። ገና በመጣች በሳምንቷ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳፈጠጠች፣

"እሁድ እሁድ ለምንድን ነው የሚያርፉት?" አለች።

"እነማን?"

"ፈረሶቹ ናቸዋ!"

ነፋሱ ሳቀ። "እነሱም እንደኛ ደሞዝተኛ ሆነው ይሆናላ" አለ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቃችን ቀስ እያለ ሞተ። እሁድ እሁድ የሚያርፈው ማን ነው? ነፋሱ! ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ስንለካ የከረምነው የራሳችንን መኪና ነበር። ፈረሶቹ የሚሮጡት ከእኛ ለመሸሽ ነው። እኛ ደግሞ ከኋላ ከኋላ እያሳደድን "እንዴት ያሉ ሯጮች ናቸው!" እያልን እናደንቃለን።

በማግስቱ ወረቀቱን ከግድግዳው አወረድነው። ለእኔ የዚህ ሥራ ሥነ ምግባር የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ከስብሰባ አይደለም። ያስደነገጥከው እንስሳ እውነቱን አይነግርህም። እሱን ማክበርና በትክክል መመራመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉኝ ነበር፤ አንድ ሆነው አገኘኋቸው። ከዚያ በኋላ መኪናው ከኮረብታው ጀርባ ይቆማል፣ የቀረውን በእግር እንሄዳለን። ፈረሶቹ ወደ ውሃው የሚወርዱበት መንገድ ላይ እርጥብ ሸክላ አፈር እያነጠፍን ማንንም ሳንነካ የኮቴያቸውን ቅርጽ ማንሳት ተማርን። የጽዳት ኃላፊያችን ሆይ፣ ለዚያ ሁሉ ጭቃ ዛሬ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። "የፈረስ ኮቴ ነው የምታጠኑት ወይስ የራሳችሁን ኮሪደሩ ላይ የምታትሙት?" ያልሽውን ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይስቅበታል።

አሁን ወደ እትዬ ልምጣ።

እትዬ መንጋውን የምትመራው ባዝራ ናት። ስሙን ያወጣላት ነፋሱ ነው፤ ውሃ ላይ ከእሷ ቀድሞ የሚጠጣ የለማ። ወጣት ሳለች በማደንዘዣ ጥለን የመከታተያ ቀበቶ አንገቷ ላይ አሰርንላት። በዚያ ቀበቶ ምክንያት የት እንደዋለች፣ ምን ዓይነት መሬት እንደረገጠች በየሰዓቱ እናውቃለን። ሸክላው ላይ ከምትተወው ኮቴ ጋር ስናስተያየው መሬቱ ሰኮናዋን እንዴት እንደሚቀርጸው ዓመት ከዓመት አየን። ይህ ተቋም ስም ያገኘው በእሷ ነው። የተመራቂዋም ጥናት የቆመው በእሷ ላይ ነው።

እትዬ ግን እንደ እኔ አረጀች። ከሳች። ቀበቶው ሰፋትና ለመጋጥ አንገቷን ስትደፋ ተንሸራትቶ ጆሮዋ ሥር ይደርሳል፤ ቀና ስትል ይመለሳል። ጋማዋን በላው፣ ቆዳዋንም ማላጥ ጀመረ። ይህን ሁሉ በርቀት መነጽር አየሁ።

እንቀይርላት እንዳንል በዚህ ዕድሜዋ ማደንዘዣ መተኮስ ማለት ድንጋይ ላይ ወድቃ እግሯ እንዲሰበር መፍቀድ ነው። ቀበቶውን ከሩቅ በሪሞት አስከፍቶ መጣል ይቻላል፤ ግን ያ የሚሆነው ባትሪው እስካለ ብቻ ነው። ባትሪው ከሞተ አይከፈትም፤ እስክትሞት ተሸክማው ትኖራለች። ባትሪው ደግሞ እየደከመ ነበር።

በሌላ በኩል ተመራቂዋ የቀራት አንድ የበጋ ወቅት ነው። አንድ! ከዚያ በኋላ ቅጽል ስሟን ትቀይር ነበር።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ቢሮዎ ውስጥ የተጯጯህነውን እዚህ ማንሳቴን እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ለማንኛውም ኮሪደሩ ሙሉ ሰምቶናል።

"አንድ በጋ ብቻ ነው እኮ፤ ባትሪው ይችለዋል" አሉኝ።

"ባትሪው ለማን ቃል ገባ?" አልኩ።

"ይህን ሁሉ ዓመት የለፋንበት ነው። ለለጋሾቹ ምን ልበላቸው?"

"ጨርሰናል በሏቸው።"

"አልጨረስንም እኮ!"

"እኛ አልጨረስንም። እሷ ግን ጨርሳለች" አልኩ። እኔ ስቀጠር ፈርሜያለሁ፣ እርስዎም ፈርመዋል፣ ተመራቂዋም ፈርማለች። እትዬ ግን ምን ላይ ፈረመች? ያን ሁሉ ዓመት የሰጠችን ሳንጠይቃት ነው። መቼ እንደሚበቃ የምናውቀው እኛ ብቻ ከሆንን፣ መብቃቱን መናገርም የእኛ ዕዳ ነው።

ዳይሬክተራችንም "የጥናቱ ባለቤት ተመራቂዋ ናት። እሷ ካለች እፈርማለሁ" አሉ። ፍርዱ ልክ ነበር፤ ለእኔ ግን ከጩኸቱ የከበደኝ እሱ ነው። የዕድሜ ልክ ልፋቷን "ተይው" ብዬ የምለምነው እኔ ነኛ፤ የአንድ ሳምንት ሥራ የቀረኝ፣ ጡረታዬ የተከበረልኝ እኔ። ተመራቂዋን ጠርቼ ነገርኳት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ተቀየመችኝ ብዬ ደመደምኩ። ብትቀየምም አልፈርድባትም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ዓይኗ አብጧል። "ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ" አለችኝ፤ እሷ መደበቅ አታውቅም። "ስለ ጥናቴ ነው ያለቀስኩት፣ እውነቱን ልንገርሽ። ግን ቀበቶው እትዬ እስክትሞት አንገቷ ላይ እንደቀረ ሳስበው ጥናቱን ማን ፊት ቆሜ አነበዋለሁ? ሪሞቱን ስጪኝ። እኔ ልጫነው።"

ሄድን። ነፋሱ መኪናውን ከኮረብታው ጀርባ አቆመ፣ በእግራችን ወጣን። መንጋው ቁልቁል መስኩ ላይ ተበትኗል። ተመራቂዋ የሪሞቱን ቁልፍ ተጫነች። ምንም የለም። ደገመች። አሁንም የለም። ነፋሱ በሹክሹክታ ይጸልያል። ጥቂት ቀርበን እንደገና ስትጫን ቀበቶው ተከፍቶ ሳሩ ላይ ወደቀ።

እትዬ ምን አደረገች መሰላችሁ? የሚያስለቅስ ነገር ጠብቃችሁ ከሆነ አዝናለሁ። ራሷን አራገፈች፣ ቀበቶውን አሸተተችው፣ ተሻግራው መጋጧን ቀጠለች። እኛ ግን ሦስታችንም እዚያ ድንጋይ ላይ ተቃቅፈን እንደ ሕፃን አለቀስን።

ስለዚህ ከስጦታው ሁሉ በላይ የማመሰግናችሁ ለዚያ ቀን ነው። ተመራቂዋ ሆይ፣ እኔ በአንቺ ዕድሜ ያንን ቁልፍ መጫን እችል ነበር ወይ ብዬ ራሴን ዛሬም እጠይቃለሁ። ክቡር ዳይሬክተር፣ ቃልዎን አክብረው ስለፈረሙ፣ ከዚያም በሸክላው ኮቴ ብቻ ጥናቷን የምትጨርስበትን ተጨማሪ ጊዜ ስላስፈቀዱላት እግዜር ይስጥልኝ። ጊዜ ይፈጃል። ግን ትጨርሳለች፤ በምረቃዋ ቀን ፊት ለፊት ተቀምጬ እልል የምለው እኔ ነኝ። ነፋሱ ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ መንዳት ስለተማርክልኝ ፈጣሪ ይባርክህ፤ በሕይወት ቆይቼ ልጆቼን ለማሳደግ የበቃሁት በአንተ ፍሬን ነው።

ባለቤቴ በየማለዳው ከአልጋ ሳይወርድ የሚጠይቀኝ ነገር አለ። "እትዬ የት ደረሰች?" ይላል። እኔም ኮምፒውተሩን ከፍቼ እነግረዋለሁ፤ ገደሉ ጋ ናት፣ ውሃው ጋ ናት፣ ዛሬ ርቃለች። ያን ያህል ዓመት መልስ አጥቼ አላውቅም። ዛሬ ጠዋትም ረስቶ ጠየቀኝ።

"እንጃ" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ያመመኝ መስሎት ነው። "እንጃ" አልኩት ደግሜ። ቃሉ አፌ ውስጥ ጣፈጠኝ። የት እንዳለች የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ እናንተም አታውቁም። ተመስገን።

ወዳጆቼ፣ እግራችሁን ከእንቅፋት ይጠብቅላችሁ። ጉልበታችሁ ይጽና። ልጆቻችሁ ከእናንተ ርቀው ይሂዱ፣ በሰላምም ይመለሱ። ሥራችሁ ለሚያውቃችሁም ለማያውቃችሁም ይጥቀም። እናንተም ስትደክሙ "ይበቃታል፣ ይበቃዋል" ብሎ ከአንገታችሁ ላይ የሚያወርድላችሁ ሰው አያሳጣችሁ። እኔ አግኝቻለሁ።