ሥጋ የማይበላበት ቤት፦ የወይዘሮ አትጠገብ ቀለሙ ዜና ሕይወት

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የሰንበቴ ማኅበርተኞች፣ ከኩታበርና ከኮምቦልቻ፣ እንዲሁም ከደጋን ድረስ ደክማችሁ የመጣችሁ ወገኖቻችን፤ ሰው ከአፈር ተነሥቶ ወደ አፈር መመለሱን ሁላችን የምናውቀው ስለሆነ ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው በመካከሉ ያለውን ለመናገር ነው። የእናታችን ሕይወት ለመኖር እንጂ ለመጻፍ የተመቸ አልነበረምና፣ ግራ የገባን ቦታ ላይ ስንደርስ ግራ እንደገባን ብንናገር አትቀየሙን።

ወይዘሮ አትጠገብ ከአባታቸው ከአቶ ቀለሙ ይማምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩዓለም በ1951 ዓ.ም. በኩታበር አካባቢ ተወለዱ። የክርስቲያኑ አባታቸው የአባት ስም ይማም የሚል የእስላም ስም መሆኑ የሚያስገርመው ለቀስተኛ ካለ፣ ለወሎ እንግዳ መሆኑን ዐውቀን የተሻለ መቀመጫ እንሰጠዋለን። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በትውልድ ቀያቸው ፊደል ቆጥረው፣ ኋላም ደሴ ከሚኖሩት አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል።

ከዚያም ኮምቦልቻ በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥረው፣ ጡረታ እስከወጡበት ጊዜ ድረስ በፈትል ክፍል አገልግለዋል። ሥራቸው የተበጠሰ ክር መቀጠል ነበር። ችኩል ሠራተኛ የተበጠሰውን ክር አጠገቡ ካገኘው ጋር ቋጥሮ መኪናውን ያስነሣል፤ ጥፋቱ የሚታየው ጨርቁ ካለቀ በኋላ ነው። እርሳቸው ግን ትክክለኛውን ጫፍ እስኪያገኙ ድረስ መኪናውን አቁመው ስለሚፈልጉ፣ አለቆቻቸው በመዘግየታቸው ሲቆጧቸው፣ በሥራቸው ጥራት ደግሞ ሲያመሰግኗቸው ኖረዋል። ሠራተኛውን በየዕለቱ ከደሴ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እያወጣ እያወረደ የሚያመላልሰውን አውቶቡስ ይነዱ ከነበሩት ከአቶ ሞላ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወስነው፣ ጽናትንና አብይን ወልደው ለቁም ነገር አብቅተዋል። አቶ ሞላ ቀደም ብለው በሞት ሲለዩአቸው፣ ሐዘናቸውን በደብራቸው አገልግሎት አስታግሠው የሰንበቴው እናቶች መሪ ሆኑ።

በ2010 ዓ.ም. በነሐሴ ወር መገባደጃ፣ ከኩታበር ወዲያ ባለ አንድ መንደር ላይ፣ ሳያባራ የከረመውን ዝናብ የጠጣው ተራራ ተንዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። የደብራችን ምእመናን በዐውደ ምሕረት ሲነገራቸው፣ ወላጆቻቸውን ያጡትን ሕፃናት ለመርዳት ያለ የሌለውን ይዘው መጡ። ብርድ ልብሱ፣ ጤፍና ባቄላው በሰበካ ጉባኤው አዳራሽ ተከመረ፤ ወሬውን የሰሙ የሰኞ ገበያ ሙስሊም ነጋዴዎችም ሳሙናና ስኳር በጋሪ ጭነው እስከ በሩ አደረሱ። ወይዘሮ አትጠገብ የስፌት መኪናቸውን ወደ አዳራሹ አስመጥተው ለሕፃናቱ ልብስ ሲሰፉ ሰነበቱ።

ለመስቀል በዓል ምእመናኑ ወደ ደሴ የመጡትን ሕፃናት ለማጽናናት በሬ ጥለው ግብዣ አደረጉ። በዚያ ግብዣ ላይ ቡዜ የምትባል አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ሥጋውን ከፊቷ ገፋ አድርጋ እጇን ጭኖቿ መካከል ደበቀች። የቡዜ እንቢታ ጉባኤውን አተራመሰው። ሐዘን ነው ያለ አለ፤ ዓይን ነው ያለም አለ፤ ጠበል ተረጨች፣ ሐኪምም አያት። ልጅቷን ምን እንደምትበላ የጠየቃት ግን አልነበረም፤ እኛ ወሎዬዎች ከበላተኛው መካከል ሙስሊም መኖሩን ስናውቅ ለብቻው ማሳረዳችን የታወቀ ቢሆንም፣ ሕፃናቱ የመጡት በአጎራባች አጥቢያ ካህናት በኩል ስለነበረ ሁሉንም ክርስቲያን ናቸው ብለን ደምድመን ነበር። ቡዜ የሚለው ስምም ወደየትኛውም ወገን አይመራም።

ወይዘሮ አትጠገብ ሽሮ አቅርበውላት ጠርጋ ስትበላ ባዩ ጊዜ ቀስ ብለው ጠየቋት። የመለሰችውንም አጠገባቸው የነበሩት ሁሉ ሰምተዋል፦ «አባዬ የክርስቲያኑን ይበላል፣ እማዬ የእስላሙን ትበላለች። አንቺ እስክታድጊ ከሁለቱም አትበይም ብለውኛል።»

ከዚህ በኋላ ነገሩ ይጠራል ብለን ስንጠብቅ ባሰበት። የቡዜ እናት ሐዋ እንደምትባልና ቤተሰቧን ሳታስፈቅድ አንድ ክርስቲያን ገበሬ እንዳገባች ከተረፉት ጎረቤቶች ተሰማ፤ ልጅቷ ክርስትና ተነሥታ እንደሆነ ግን የሚያውቅ ጠፋ። የሚያውቁት የመንደሩ ቄስ በናዳው አብረው ዐርፈዋል። ተነሥታ ከሆነ ጥምቀት አንዲት ናትና መድገሙ ኃጢአት ነው፤ ካልተነሣች ደግሞ ዝም ብሎ ማስቀመጡ ብዙዎችን አስጨነቀ። ከእናቶች አንዷ ማተብ ገምዳ በአንገቷ ልታስርላት ስትል፣ ወይዘሮ አትጠገብ ማተቡን ተቀብለው አጣጥፈው ሣጥናቸው ውስጥ አኖሩት። በጉባኤው ፊትም «ጫፉ ሳይገኝ አይቋጠርም፤ እስኪገኝ እኔ ዘንድ ትቆይ» አሉ። ይህን በሰሙ ጊዜ ከቅርብ ወዳጆቻቸው አንዳንዶቹ አኩርፈው፣ ጥቂት ጊዜ ሰላምታ እስከ መንፈግ ደርሰዋል።

ወራት ካለፉ በኋላ የሐዋ ወንድም አቶ በሺር፣ እህታቸውን በቁጣ ለይተው እንደኖሩ ሳይታረቋት መሞቷ እያንገበገባቸው፣ የእህታቸውን ልጅ ፍለጋ ከደጋን መጡ። ለውለታው ምስጋና አንድ ሙክት ይዘው ነበር። በጉን በእጃቸው አርደው ከልጅቷ ጋር ለመብላት ቢላዋ በጠየቁ ጊዜ፣ ቡዜ ያንኑ የወላጆቿን ቃል ነገረቻቸው። አቶ በሺር በተቀመጡበት ብዙ አለቀሱ፤ ከዚያም «ወላሂ፣ እህቴ ያሰረችውን እኔ አልፈታውም» ብለው ማሉ። በሽማግሌዎች ፊትም ቡዜ ትምህርቷን ደሴ ከወይዘሮ አትጠገብ ጋር ሆና እንድትማር፣ ክረምቱንና ዒዱን ደጋን ከአጎቷ ዘንድ እንድታሳልፍ ተስማሙ። ሙክቱም በሚኒባስ ጣራ ላይ ተጭኖ ወደ ደጋን በሰላም ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በወይዘሮ አትጠገብ ቤት ሥጋ አልተበላም። «ልጅ ብቻዋን ሽሮ እየበላች እኔ እንዴት ቅልጥም እግጣለሁ» ብለው ለልጃቸው ለጽናት አንድ ጊዜ ከመናገር በቀር ለማንም አላስረዱም። የደሴ ሰውም ያላወቀውን መሙላት ልማዱ ነውና፣ ገሚሱ መንነዋል፣ ገሚሱ ሰልመዋል፣ የቀረው ደግሞ ስኳር በሽታ ይዟቸው ነው እያለ ሲያማቸው ኖረ። ፋሲካ በመጣ ቁጥር ልጃቸው አብይ ለእናቱ ደስታ የቀረበለትን ሽሮ በልቶ፣ ለራሱ ደስታ ደግሞ ጎረቤት ይዞር እንደነበር ዛሬ ቢነገርበት አይቀየምም። ቡዜም ቅዳሴ እስኪያልቅ በደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ትጠብቃቸው ነበር፤ ግቢ የሚሏትም አትግቢ የሚሏትም አላጡም፤ እርሳቸው ግን ሲወጡ እጇን ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደማቸው እየቀነሰ አቅም ሲያጡ፣ በደሴ ከተማ በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ሐኪሞቹ ሥጋና መረቅ እንዲወስዱ አጥብቀው ቢያዝዙም እንቢ አሉ። ጽናት ለመነች፣ አብይ ተቆጣ፣ አባታችን የነፍስ አባታቸውም ገሠጹ፤ ወቅቱ ጥር፣ የፍስክ ጊዜ ነበርና በጾም ሊያመካኙ አልቻሉም። በመጨረሻም ጽናት ጨንቋት የሐኪሞቹን ትእዛዝ ለቡዜ ነገረቻት።

ባለፈው እሑድ ቡዜ ትኩስ መረቅ በፔርሙስ ይዛ ወደ ሕክምናው ክፍል ገባች። በአልጋው ግራ ጽናት፣ በቀኙ አቶ በሺር ተቀምጠው ነበር። «እማማ፣ አድጌያለሁ» አለች። በክዳኑ ቀድታ መጀመሪያ ራሷ ቀመሰች፤ ቀጥላም ለእርሳቸው አቀረበች። ጽናትና አቶ በሺር ማን እንዳረደው ለመጠየቅ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ ወይዘሮ አትጠገብ ክዳኑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው እስከ ጭላጩ ጠጡት። ደግመውም እንድትቀዳላቸው ጠየቁ። ነገር ግን ረፍዶ ነበርና ማክሰኞ ጥር 26 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ይህን ዜና ሕይወት ስናዘጋጅ ቡዜን በየትኛው መስመር እንደምናስገባት ቸገረን። ከቤተሰቡ አንድ ሽማግሌ መረቁ ከየትኛው ወገን እንደነበረ ቢታወቅ ነገሩ ይቀለን ነበር ብለው ጠየቋት። ቡዜም «እማማ አልጠየቁኝም» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ የጠየቃት የለም፤ ጽናትም የቡዜ ስም ከእርሷ ስም ቀጥሎ እንዲነበብ አዘዘች።

ስለዚህ ወይዘሮ አትጠገብ ቀለሙ ልጆቻቸውን ጽናትን፣ ቡዜንና አብይን፣ የልጅ ልጃቸውን ሀኒን፣ ወንድማቸውን አቶ አግማስን፣ እንደ ወንድም ያዩአቸው የነበሩትን አቶ በሺርንና በጸሎታቸው የሚታወሱ ብዙ ወዳጆችን ትተው ሄደዋል። የሁላችን ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጋግ አባቶችና እናቶች አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ጫፉን እስክናገኝ ሳንቋጥር የምንቆይበትን ትዕግሥት ያድለን። አሜን።