አፍንጫውን የያዘው ህንድ

ስሙኝማ፤ አንድ ጠዋት ራሴን ለጋ ቅቤ ተቀብቼ፣ አቡጀዲ ልገዛ አራዳ ህንዱ ሱቅ ብገባ ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ አፍንጫውን ይዟል። ደሜ ፈላ! «አንተ፣ ቅቤዬ ሸተተህ?» ብዬ ጮህኩበት። ደንግጦ «ኧረ አይደለም እሜቴ! ትንፋሼን እያመዛዘንኩ ነው። ያገሬ ሐኪሞች ቀኙ አፍንጫ እንደ ፀሐይ ያሞቃል፣ ግራው እንደ ጨረቃ ያበርዳል ይላሉ። እርስዎ አሁን ሙቀቱ በዝቶብዎታል፤ ቀኙን ይዝጉና በግራው ይተንፍሱ» አለኝ። በእልህ ሞከርኩት፤ ለካስ እውነቱን ኖሯል፣ ንዴቴ በረድ አለልኝ።

ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ያንኑ ስሞክር ባሌ ከውጭ ገባ። አፍንጫዬን ይዤ ሲያየኝ በሩ ላይ ቀጥ አለና «በማርያም፣ አንድ ብርሌ ጠጅ ብቻ ነው የጠጣሁት!» አይለኝ መሰላችሁ? እኔ መች ጠየቅኩት!